ባሉኩ የሚባል ሁሉ ተራራ እንዳይወጣ ስለመከልከሉ

ለተከበሩ የተራራው ፓርክ የላይኛው በር ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እግርዎም እስከ ዛሬ ከረግረጉ ጭቃ እንደተጠበቀ ሁሉ ወደፊትም የተጠበቀ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከቢሮዎ ፊት ለፊት ለተጓዦች የጎማ ቦት ጫማ የማከራየው ማሴሬካ ነኝ። እርስዎ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ እኔ ግን በየቀኑ አይዎታለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ በሩ ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ በአድናቆት አነበብኩ። ባሉኩ የተባለ ግለሰብ የመንገድ ጠቋሚ ምልክት ነቅሎ ማገዶ ስላደረገ፣ ከዕለቱ ጀምሮ ወደ ተራራው እንዳይገባ መከልከሉን ይገልጻል። ስለ ውሳኔዎ ፍጥነት እያመሰገንኩ፣ የሚከተሉትን አመለክታለሁ።

፩ኛ. እንደሚያውቁት፣ ወይም አሥር ዓመት እዚህ ሲኖሩ ማወቅ እንደነበረብዎት፣ እኛ የዚህ ተራራ ሰዎች፣ ባኮንዞዎች፣ ልጅ የምንሰይመው በተወለደበት ተራ ነው። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ ባሉኩ፣ ሁለተኛው ብዋምባሌ፣ ሦስተኛው እንደ እኔ ማሴሬካ ይባላል። ስለዚህ ክቡርነትዎ አንድ አጥፊ የከለከሉ መስሎዎት የየቤቱን በኩር ልጅ ከልክለዋል።

፪ኛ. የበሩ ዘበኛ ትዕዛዝዎን በትጋት እየፈጸመ ስለሆነ ይሸለምልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ተጓዥ የመራውን ታላቅ ወንድሜን አስቁሞ፣ "ስምዎ ማን ነው?" አለው።

"አንተ፣ ትናንት ምሳ አብረን በልተን ዛሬ ስሜ ጠፋህ?"

"ኧረ ጋሼ፣ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ትዕዛዝ ነው። ባሉኩ ከሆኑ ይመለሱልኝ።"

ወንድሜ ተመለሰ። ዘበኛውም ለቤቱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ ስለሆነ፣ እባክዎ እሱን ስሙን እንዳይጠይቁብኝ።

፫ኛ. ወደ ተራራው የሚገባ ሰው ሁሉ የትውልድ ስሙን፣ የክርስትና ስሙንና የአባቱን ስም ጽፎ የሚፈርምበት መዝገብ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። አጥፊውን ለይተው ካወቁት፣ ማስታወቂያው ላይ ሙሉ ስሙን ለመጻፍ ቀለም አለቀ? ማስታወቂያው ማክሰኞ ወጣ፤ ረቡዕ ጠዋት ከከተማ አሥራ ሁለት አዳዲስ የተጓዥ መሪዎች ስማቸው የተጻፈበት ጃኬት ለብሰው ከመኪና ወረዱ። አሥራ ሁለት ጃኬት ከነጥልፉ በአንድ ቀን እንደማይሰፋ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ምሎ ነግሮኛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ክፉ አሳቢ ሰው ነኝ።

፬ኛ. ወንድሜ ከበሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሚስቱ፣ "ኧረ ተነስ አንተ ሰው፣ ተራራው አይሸሽህም!" ትለዋለች። እውነት ነው፣ ተራራው አይሸሽም፤ የበጋው ተጓዥ ግን ያልፋል፤ ያ ካለፈ ደግሞ ወንድሜ እስከሚቀጥለው በጋ ሥራ የለውም። ይህ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ክልከላው በዚህ ሳምንት እንዲነሳለት፣ ካልሆነም የጥፋተኛው ሙሉ ስም እንዲለጠፍልን እለምናለሁ።

ለሚያደርጉልንና ላደረጉብን ሁሉ ምስጋናዬ እጥፍ ድርብ ነው። ሦስተኛ አድርጎ ስለፈጠረኝ አምላኩን የሚያመሰግነው፣ ታዛዥዎ፣

ማሴሬካ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልልክ፣ ዛሬ ማለዳ ጸሐፊዎ ወደ ወንድሜ ቤት እየሮጠች መጣች። "ጋሽ ባሉኩ፣ በሞቴ ይድረሱ! አዲሶቹ አራት እንግዶች ይዘው ትናንት ጭጋግ ውስጥ እንደገቡ ቀሩ!" አለችው። ወንድሜ ቦት ጫማውን አጥልቆ ወጣ፤ ከቀትር በኋላም መሪውንም ተመሪውንም በደህና አወረደ። በሩ ላይ ክቡርነትዎ ራስዎ ቆመው እንግዶቹን በየተራ ጨበጡ፤ ወንድሜን ደግሞ "ያለፈቃድ የገባ" በሚለው መዝገብ ላይ አስፈረሙት። ፈርሞ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ፤ የፈረመው ለሽልማት ነው ብዬ ለሚስቱ ነገርኳት።