አራት ጣት ስታሳዪኝ

ጫልቱ ኮ፣ የኔ ጫልቱ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዓመት ሲያልፍ ይቀልልሃል ብለውኝ ነበር፤ አልቀለለኝም። ዛሬም ከቢሮ ስወጣ እግሬ ይፈጥናል። በር ላይ ስደርስ ነው ወደ ማን እየሮጥኩ እንደነበር ትዝ የሚለኝ።

ቤቱ ተለውጧል። መንገድ ዳር ያለችው ክፍል፣ ያቺ የጌም ቤትሽ፣ አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት ሆናለች። ቴሌቪዥኖቹን ለሰው ሰጠኋቸው፤ አንዷን ብቻ ከነፕሌይስቴሽኗ መኝታ ቤት አስገባኋት። ልጃችን ሲፈን ወደ ዘጠነኛ ክፍል አልፋለች፤ በቁመት በልጣሻለች። ፀጉሯን እኔ መሥራት ስላቃተኝ እህትሽ አያንቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእጃጂ እየመጣች ትሠራላታለች። እስከ ሰሞኑ ድረስ ልጅቷ እኔ ፊት አታለቅስም ነበር። እኔም እሷ ፊት አላለቅስም ነበር።

የምጽፍልሽ ግን ይህን ልነግርሽ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እንደማትመልሺልኝ እያወቅኩ።

ያን ቤዝቦል፣ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጌም፣ ታስታውሻለሽ? ከአዲስ አበባ ካስመጣሻቸው ሲዲዎች መሃል የተገኘውን፣ ልጆቹ ከፍተው "ይሄ ደግሞ ምን ጉድ ነው" ብለው የጣሉትን። እነሱ ከእግር ኳስ ሌላ አይነኩም። እሁድ ከቸርች ስንመለስ ጌም ቤቱ ለደንበኛ ዝግ ስለሆነ እኔና አንቺ እንከፍተዋለን። በአንድ ቡድን ሆነን ከማሽኑ ጋር እንጫወታለን፤ እኔ ወርዋሪ፣ አንቺ መቺ። ስንት እሁድ ተሸነፍን! የወረወርኩትን ሁሉ ማሽኑ እየመታ ከሜዳ ያወጣዋል።

አንድ ቀን ታዲያ ጆይስቲኩን ከእጄ ያዝ አደረግሽና "ቆይ እስቲ አባ ሲፈን፣ ያ ቁጢጥ ያለው ሰውዬ እኮ እያናገረህ ነው" አልሽኝ። ከመቺው ጀርባ ትልቅ ጓንት አጥልቆ ኳሱን የሚይዘውን የኛን ቡድን ሰው ማለትሽ ነበር። እጁን ጭኖቹ መሃል ሲያስገባ እኔ የሚያሳክከው መስሎኝ ነበር። ይህን ስነግርሽ በሳቅ ሞትሽ። አንቺ ግን ጣቶቹን አይተሻል። አንድ ጣት ካሳየ ቀጥ ያለ ፈጣን ኳስ ወርውር ማለቱ ነው፤ ሁለት ካሳየ የሚታጠፈውን። ጓንቱን የሚደቅንበት ቦታ ደግሞ ኳሱ እንዲመጣለት የሚፈልግበት ነው። ካልተስማማሁ አንዲቷን ቁልፍ ስጫን የኔ ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ ያዡም ሌላ ጣት ያወጣል። "አየህ፣ እምቢ ስትለው እንኳ አያኮርፍም፤ እንዳንተ አይደለም" ብለሽ በክርንሽ ጎሸም አደረግሽኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ ጣቱን ታነቢያለሽ፣ እኔ እወረውራለሁ። ማሸነፍ የጀመርነው ያኔ ነው።

ከዚያ ደም ግፊቱ ጣለሽ። ለሲፈን ዩኒፎርም ልትገዢ ገበያ እንደወጣሽ በባጃጅ ጭነው አመጡሽ። አዲስ አበባ ታክመሽ ስንመለስ ቀኝ ጎንሽ አይታዘዝም፤ አንደበትሽም የለም። ሐኪሙ "ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉም ይገባታል" አለኝ። እሱ ነው የባሰብኝ። በግራ እጅሽ እስክሪብቶ አስያዝኩሽ፤ መስመሩ እየተንሸራተተ ፊደል አልሆን አለ። እኔ "ውሃ ነው? ራበሽ? በረደሽ?" እያልኩ እለፈልፋለሁ፤ አንቺ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሽ እንባሽ ወደ ጆሮሽ ይወርዳል።

አንድ ማለዳ ግራ እጅሽን ብርድ ልብሱ ላይ፣ ጭንሽ አጠገብ አድርገሽ ሁለት ጣት አወጣሽ። አየሁሽ። አንቺም እንዳየሁሽ አየሽ። ከንፈርሽ በአንድ በኩል ብቻ ፈገግ አለ። "አነባለሁ ጫልቱ፣ ንገሪኝ" አልኩሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጣት ውሃ ሆነ፤ ሁለት ጣት አገላብጠኝ፤ ሦስት ጣት አመመኝ። ጡጫ ከጨበጥሽ አይደለም ማለት ነው። ሲፈንም ተማረችው። የሠራሁትን ሾርባ አንድ ማንኪያ ቀምሰሽ ጡጫሽን አፍንጫዬ ድረስ ያነሳሽ ዕለት ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ከክፍሉ ወጣች። በቤታችን እንደገና ወሬ ነበረ።

የመጨረሻዋ ቀን ረፋድ ላይ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አራቱንም ጣቶችሽን አውጥተሽ አንቀጠቀጥሻቸው። የጌሙ ያዥም አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ እኛ ግን ቤታችን ውስጥ ለአራት ጣት ትርጉም አልሰጠንም። "ውሃ?" ጡጫ። "አመመሽ?" ጡጫ። ሲፈንን ልጥራት? እናትሽን ላስመጣ? መስኮቱን ልክፈተው? ልጸልይልሽ? ጡጫ፣ ጡጫ፣ ጡጫ። እንደገና አራት ጣት። አያንቱ እርጥብ እጇን እያደራረቀች ከጓሮ ገባችና "ማል ባርባዳ ኦቦሌቲ ኮ?" አለችሽ፤ ምን ፈለግሽ እህቴ። እሷን አላየሻትም። ዓይንሽ እኔ ላይ ነበር። "አልገባኝም ጫልቱ፣ እባክሽ፣ አልገባኝም" አልኩሽ። እጅሽ ቀስ ብሎ ብርድ ልብሱ ላይ ወረደ። ተኛሽ። ከዚያ እንቅልፍ አልነቃሽም።

ምን ነበር ያልሽኝ?

አያንቱ "ልጄን አደራ ማለቷ ነው" ትላለች። ሲፈንን ልጥራት ስልሽ ጡጫ አላሳየሽኝም? ፓስተራችን "እጇን አወዛውዛ ተሰናበተችህ" አለኝ። አንቺ እጅሽን አላወዛወዝሽም። ጣቶችሽን ነው። እኔም ጌሙን ከፍቼ ያዡ አራት ጣት እስኪያወጣ ድረስ ስወረውር ዋልኩ። አወጣ። ዝግ ያለ፣ መቺውን የሚያታልል ኳስ ነው። በዚህ ምን ላድርግበት? ቀስ በል ነው? አትጨነቅ ነው? አልሆነልኝም፤ ጆይስቲኩን አስቀምጬ አለቀስኩ።

ባለፈው ጃፓን ተምሮ የመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ መጣ። እዚያ አገር ይህን ጨዋታ ልጅ አዋቂው ይጫወተዋል ሲል ሰማሁትና እየተንተባተብኩ ስለ አራቱ ጣቶች ጠየቅኩት። "በእውነተኛው ሜዳ ምልክቱ ከቡድን ቡድን ይለያያል" አለኝ። "ትርጉሙን የሚያውቁት አስቀድመው የተስማሙት ናቸው። ሌላ ሰው እንዳያነበው እኮ ነው።" አመስግኜው ወደ ጓዳ ገባሁ። የተስማማነው እኔና አንቺ ነን። አንቺ የለሽም፤ እኔ አላውቅም። ከእንግዲህ ማንን ልጠይቅ?

ጉልበቴ አልቋል ጫልቱ። ሰው ሲያናግረኝ ጣት ጣቱን ነው የማየው። ቢሮ ማህተም ልመታ እጄን አንስቼ እንደቆምኩ እቀራለሁ። ባልደረቦቼ ተለማምደውት ማህተሙን ከእጄ ወስደው ይመቱልኛል።

ሰሞኑን ሲፈን አጠገቤ ተቀመጠችና "አባባ፣ እወድሃለሁ ብላሃለች በልና ይውጣልህ" አለችኝ። አዝናልኝ ነው። እሺ ልላት ከአፌ ደርሶ ነበር። ግን ያላልሽውን እንዳልሽ ማድረግ ሁለተኛ ጊዜ አንደበትሽን መንጠቅ ሆኖ ታየኝ። "አላውቅም ልጄ" አልኳት። እቅፌ ውስጥ ሆና እኔ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ቃሌ ይኸው ነው። ሌላው ሰው ተሰናብታ ሄደች ይበል፤ እኔ አልልም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ጫልቱ የምትነግረኝ ነገር ነበራት፣ እየነገረችኝ ሄደች እላለሁ። በዕድሜዬ ሙሉ የማስብሽ እንዲሁ ነው፤ ወሬሽን እንዳልጨረስሽ፣ እኔም ገና እየሰማሁሽ።

ባልሽ፣
አባ ሲፈን