ለካምቢዮው ያልተነገረው

የካቲት 4

የሁለት ቤት መስኮት ለካሁ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ መስኮት ጠማማ ነው፤ ግራው ከቀኙ በሦስት ሳንቲ ይረዝማል። ነገርኳት። "ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ፣ ምንም አልሆነም" አለች። ተውኳት። መጋረጃው ሲሰቀል ታየዋለች።

ቤት ስገባ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ወንበሩ ላይ ሆኖ መስኮቱ ስር የቆመችውን መኪናውን ያያል። ጭኑ ላይ ወረቀት አለ። ጽሑፉ ድሮ የታተመ ይመስል ነበር... አሁን መስመሩን ስቶ ይወርዳል።

"ፍሬን፣ ነይ እስቲ።"

እኔን ነው። መንዳት ሲያስተምረኝ በየአሥር ሜትሩ ፍሬን ስለምረግጥ ያወጣልኝ ስም ነው። ዋናውን ስሜን የሚያስታውሰው አይመስለኝም።

ወረቀቱ ዝርዝር ነው። የአየር ፊልትሮ። ቱርቦው የሚገፋውን አየር የሚያበርድ ትልቅ ማቀዝቀዣ። ሰፋ ያለ የጭስ መውጫ። መጨረሻ ላይ ሁለቴ የተሰመረበት፦ የኮምፒውተር ፕሮግራም።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ጉልበት ልጨምርላት።"

"ማን ሊነዳት?"

"አንቺ ነሻ።"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

የካቲት 5

ካልጻፍኩት አላምነውም። የጋሼ ሐኪም ባለፈው ሳምንት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አቁማ የነገረችኝን... ጡንቻው ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ እየደከመ ነው። የሚያቆመው ነገር የለም። ተደግፎ የሚቀመጠው ምናልባት ሳምንታት፣ ቢበዛ ጥቂት ወራት። ከዚያ አልጋ።

"እሱ ያውቃል?" አልኳት።

"ካንቺ ቀድሞ ነው የጠየቀኝ።"

ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለታችንም ስለ ፊልትሮ እናወራለን።

ከከተማው ጀርባ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት አንድ ጊዜ መውጣት ይፈልጋል። ሠላሳ ዓመት መንጃ ፈቃድ ፈላጊ ሲያስተምር የኖረበት ነው። መቀመጫው ሁልጊዜ በተማሪው አጠገብ፣ እግሩ ተጨማሪዋ ፍሬን ላይ። ለየተማሪው ከአሥር ውጤት ይሰጣል። ዳገት ላይ መኪናዋን በፍሪሲዮን ብቻ ማቆም ላልቻለ ከአራት በላይ አይሰጥም ነበር።

ያ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ፍሪሲዮን የሌላት፣ ማርሽ የማትቀይር ሲቪቲ ገዛ። "የሰነፍ መኪና" እያለ ሲሳደብ የኖረውን። ጡረታ ስለወጣ ነው ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለኝ እንጃ።

የካቲት 9

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ካምቢዮ የሚፈቱት ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ማን ጻፈው?"

"ወንድሜ።"

"ሞተር ያውቃል። ካምቢዮ አያውቅም።"

ከመደርደሪያ አንድ ነገር አውርደው እጄ ላይ አኖሩት። ከበደኝ። የብረት ቺንጋ ነው፣ ስስ ስስ ብረቶች እንደ ዚፕ ጥርስ ተጠጋግተው የተደረደሩበት። የጋሼ መኪና ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ የለም አሉኝ። ይቺ ቺንጋ በሁለት ሾጣጣ ሳህኖች መሀል ገብታ ትጨመቃለች፣ ኃይሉ የሚተላለፈው በመጨመቁ ብቻ ነው።

"ከተንሸራተተችስ?"

"አንዴ ሁለቴ ትጫራለች። ከዚያ በኋላ አዲስ ካምቢዮ ነው የምንፈልገው የኔ ልጅ።"

ፊልትሮውን ፈቀዱ። የአየር ማቀዝቀዣውንም። የጭስ መውጫውን "ጩኸት ነው" ብለው ሰረዙት። ጋሼ ያልጻፈውን ጨመሩ፣ ለካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ። ፕሮግራሙ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "ትንሽ። ያውም ካምቢዮ በሚያውቅ እጅ።"

ለጋሼ ነገርኩት።

"ፈሪ ናቸው" አለ።

"አንተስ? ሠላሳ ዓመት እግርህን ከፍሬን ሳታነሳ።"

ምሳውን ሳይበላ ቀረ። ምላሴን ብነክሰው ምን ነበረበት?

የካቲት 12

ፊልትሮውና የአየር ማቀዝቀዣው ገቡ። የካምቢዮው ማቀዝቀዣ ይቆይ አለ ጋሼ። "እሱ ጉልበት አይጨምርም።" ተከራከርኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ።

የካቲት 13

ሰውዬው መጣ። ፕሮግራሙን እንዲጭን ጋሼ በስልክ ፈልጎ ያገኘው ነው። ስሙን ነግሮኛል፣ እኔ ግን በልቤ "ላፕቶፑ" ብየዋለሁ፤ ከሱ ላይ ዓይኑን አያነሳም። የኮምፒውተሩን ገመድ ከመሪው ስር ሰካ። ሰላምታ እንኳ ለስክሪኑ ነው የሰጠው።

"አንድ ሦስተኛ እጨምርላታለሁ።"

"ካምቢዮውስ ይችለዋል?"

"አትጨነቂ።"

ሰው አትጨነቂ ሲለኝ ነው የምጨነቀው። ቀና ብዬ መስኮቱን አየሁ። ጋሼ ያየኛል። በሕይወቱ ለምኖኝ አያውቅም፣ በቃሉም አልለመነኝም... ግን ዓይኑ። ሐኪሟ ከነገረችኝ እስከ ዛሬ ላደርግለት የቻልኩት ነገር አንድም የለም። ይሄን እችላለሁ።

እሺ አልኩት።

የካቲት 14

መጀመሪያ ብቻዬን ልሞክራት ብዬ ወጣሁ። ሜዳው ላይ ገና ረገጥ ሳደርጋት ጀርባዬን ከወንበሩ አጣበቀችኝ። ደነገጥኩ፣ ደስ አለኝ፣ እንደገና ደነገጥኩ። ይሄን ነው የፈለገው አልኩ።

ዳገቱ ላይ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ። ረገጥኳት። ሞተሩ ጮኸ። የዙር መቁጠሪያው መርፌ ሽቅብ ተተኮሰ። መኪናዋ ግን... ባለችበት። የሚጮኸው ሌላ፣ የሚሄደው ሌላ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። ከላይ የሚወርድ ሹፌር ጡሩምባ ነፍቶብኝ አለፈ።

ቀስ እያልኩ ወረድኩ።

"እንዴት ነበረች?" አለ ጋሼ፣ በሩን ሳልዘጋ።

"ጥሩ ናት" አልኩ። ለምን እንዲህ አልኩ? ቅስሙን መስበር አቅቶኝ ነው። እሱ ሲደሰት ካየሁ ስንት ጊዜዬ።

የካቲት 16

ጋሼን "ዘይት ላስቀይርላት ነው" ብዬ መካኒኩ ጋ አደረስኳት። ሌላ ውሸት። የካምቢዮውን ዘይት ቀድተው ነጭ ጨርቅ ላይ አፈሰሱት። ጥቂት የሚያብለጨልጭ ብናኝ።

"ተጭራለች። አልሞተችም።"

ከዚያ አስረዱኝ። ቃላቸውን እንዳልረሳው...

"ሞተሩ በየቅጽበቱ ለካምቢዮው ወሬ ያቀብላል። ይህን ያህል ጉልበት ልልክብህ ነው ይለዋል። ካምቢዮው በተነገረው ልክ ቺንጋዋን ጨምቆ ይይዛል። ሰውዬው ጉልበቱን ጨመረ፣ የሚነገረውን ቁጥር ግን ዝቅ እንዳለ ተወው። ካምቢዮው ምን ያድርግ? ቀላል ነው አሉት፣ ቀለል አድርጎ ያዘ።"

"ረስቶት ነው?"

"አይ። ካምቢዮው እውነቱን ቢያውቅ ሞተሩን አደብ ያስገዛዋል፣ ጉልበቱን ይቀንስበታል። እንዳይቀንስበት ነው የደበቀው።"

መኪናዋን ነገ ጠዋት ራሳቸው ሊያመጡልኝ ተስማማን። ለጋሼ ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

የካቲት 17

ወደቀ።

ጠዋት ከአልጋው ወደ ወንበሩ ሳሻግረው ነው። ሁልጊዜ እንደሚለው "ደህና ነኝ፣ እጄን ብቻ ያዢ" አለ። እጁን ብቻ ያዝኩ። አንድ እርምጃ... ግራ እግሩ ከድቶት ከነሙሉ ክብደቱ በእጄ መሀል ሾልኮ ወረደ። ጭንቅላቱ የአልጋውን ጠርዝ ለጥቂት ሳተው። ላነሳው ሞከርኩ። አልቻልኩም። እንደገና። አልቻልኩም። ወንድሜ ወለል ላይ ወድቆ እኔ ቆሜ አየዋለሁ። እንዲህ ያለ አቅም ማጣት ለጠላትም አልመኝ። በመጨረሻ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"እግርህ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?"

"ትላንት..."

"ጋሼ።"

ጣሪያውን አየ። "ግራው መኪናዋን ከመግዛቴ በፊት ነው። ፍሪሲዮን መርገጥ አቃተኝ። አንድ ቀን ተማሪ ላሳየው ብዬ ነዳሁ፣ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተትኩ። እኔ። ተማሪው ከጎኔ ሆኖ ፍሬኑን ያዘልኝ።"

ሁለት ዓመት። የሰነፍ መኪና ገዛህ እያልኩ ስቀልድበት የኖርኩት ሁለት ዓመት። ተናደድኩ። ከወደቀ ሰው ጋር ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ሆዴ እየባባ፣ ተናደድኩ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ አጥብቀሽ ትይዢኛለሻ።"

"አጥብቄ ብይዝህ ኖሮ ዛሬ ትወድቅ ነበር?"

እኔም ያለብኝን አወጣሁ። ሐኪሟ የነገረችኝን። ዳገቱ ላይ የሆነውን። ዘይት ላስቀይርላት ነው ያልኩትን። መካኒኩ ስለ ካምቢዮው ያሉኝን ሳልጨርስለት ዓይኑን ጨፈነ። "ገባኝ" አለ። "ገብቶኛል፣ ተይው።"

ከግማሽ ሰዓት በላይ እዚያው ነበርን። መካኒኩ መኪናዋን ይዘው መጥተው በሩን ሲያንኳኩ ትራስ አስደግፌው ከፈትኩ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ለሁለት አነሳነው።

የካቲት 18

ነይ አሻግሪኝ አለ እንጂ ደህና ነኝ አላለም። ስጠጋው፦ "ሦስት።"

"ምን ሦስት?"

"እግሬ። ከአሥር።"

በሦስት ልክ ያዝኩት።

የካቲት 21

ዝርዝሩን እንደ አዲስ ጻፍን። እኔ ጻፍኩ፣ እሱ ተናገረ። የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ አንደኛ ወጣ። የላፕቶፑ ፕሮግራም ይጥፋ። በምትኩ መካኒኩ የሚያውቋት ባለሙያ ሴት አለች፣ ጉልበቱን ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጋ ለካምቢዮው የሚነገረውን ቁጥርም አብራ የምታስተካክል።

"ብዙ አይጨምርም" አልኩት እንዳያዝን።

"ዳገቱን ይወጣል?"

"ይወጣል።"

"በቃ።"

የካቲት 24

ሁለት።

የካቲት 27

መኪናዋ ደርሳለች። መስኮቱ ስር ቆማለች። እሱ አልደረሰም፣ ትኩሳት ይዞታል። ዛሬ "አንድ ተኩል" አለኝ። "ለተማሪ ግማሽ ትሰጥ ነበር እንዴ?" አልኩት። "ለዘመድ" አለ።

መጋቢት 2

አንድ። ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ይጋደላል፣ ሳቀናው ይጋደላል። ሐኪሟ መጥታ አየችው። "ለማንቀሳቀስ ካሰባችሁ አሁን ነው" ብላኝ ሄደች።

ከምሠራበት ሱቅ የከባድ መጋረጃ ቁራጭ ጨርቅ ጠይቄ አመጣሁ። መኪናው ውስጥ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ሰፊ ማሰሪያ ልሰፋለት ደረቱን ለካሁት። አምና ሸሚዝ የሰፋሁለት ልኬት ደብተሬ ላይ አለ። አሥራ አንድ ሳንቲ ቀንሷል። ሜትሬን ጠቅልዬ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተመልሼ ሰፋሁት፣ በድርብ ስፌት። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

መጋቢት 5

ጠዋት ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ዜሮ።"

እንተወው ልል አፌን ስከፍት "መካኒኩን ጥሪያቸው" አለኝ።

መጡ። እሳቸው ከጀርባው፣ እኔ ከእግሩ። ከሹፌሩ ጎን አስቀምጠን በሰፋሁት ማሰሪያ ከወንበሩ ጋር አሰርኩት። ልክ ነው፣ ሳንቲ እንኳ አልሳትኩም። መካኒኩ ከኋላ ተቀመጡ፣ "ካምቢዮዬን ልስማት" ብለው።

በከተማው ስናልፍ እግሩን አየሁት። ሠላሳ ዓመት ፍሬን ላይ የነበረው እግር ምንጣፉ ላይ ጋደል ብሏል፣ ከስሩ ምንም የለም። ዳገቱ ጋ ስንደርስ የአስተማሪ ድምጹ ተመለሰ። የደከመ ነው፣ ግን እሱ ነው።

"ወደ ግራ ሰፋ አርገሽ ያዢ። አሁን ስጫት።"

ሰጠኋት። ሁለተኛው መታጠፊያ ሲመጣ ያ ጩኸት ትዝ አለኝ፣ እግሬ ሊነሳ ሆነ።

"አታንሺ።"

አላነሳሁም። የዙር መቁጠሪያው መርፌ ከፍ ብሎ ቆመ፣ አልተተኮሰም። ሞተሩ ጎተተ፣ መኪናዋም አብራ ሄደች። ከኋላችን መካኒኩ በቀስታ "ይዛለች" አሉ። ጋሼ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ማርሽ እየቀየረ ነበር... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ማርሽ በሌላት መኪና ላይ።

ጫፉ ላይ አቆምኩ። ከተማው ከስር። ነገ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ ከዜሮ በታች ቁጥር የለውም። ላቆመው አልችልም።

"ስንት ሰጠኸኝ?" አልኩት።

"ሰባት። መታጠፊያው ላይ አመነታሽ።"

ቤት ስንደርስ መካኒኩ በሩን ከፍተው ጎንበስ አሉ። ድሮ ቢሆን ገና ሳይነኩት "ደህና ነኝ" ይላቸው ነበር። ዛሬ እኔ ሳልናገር ራሱ ነገራቸው።

"ዜሮ ነው አባቴ። አጥብቃችሁ ያዙኝ።"

ያዝነው።