ልጅቷን ለማድረስ ነው የመጣሁት

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የእናትሽ ቤት ደረጃ ይበዛዋል ብለሽ ነበር፤ ስትወርጂ ግድግዳውን ይዘሽ ውረጂ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በስተቀር ምንም አልጎደለብኝም። አባዬም ደህና ነው። ተቀያይማችሁ ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን በአፉ አይጠራም፤ ግን የሚጠይቀኝ ሁሉ አንቺ የምታውቂውን ነገር ነው። «የሻይ ማጥለያው የት ነበር የሚቀመጠው?» ይለኛል። መሳቢያ ውስጥ እንደሆነ ነግሬዋለሁ። በነጋታው ደግሞ ይጠይቀኛል።

ይህን ስጽፍ የምሠራላት ልብስ ሰፊ አየችኝና «ለማን ነው?» አለች። ለአንቺ ነው ስላት «ለአባትሽ ሚስት? እሷ ከሄደች ቆየች አይደል እንዴ!» አለች። «ያሳደገችኝ ናት» አልኳትና ወደምተክለው የሸሚዝ ቁልፍ ተመለስኩ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ በስልክ ዝም ነው የምለው፤ አንቺ «አለሽ ወይ? አለሽ ወይ?» ስትዪ ካርዱ ያልቃል። ዛሬ ግን ወሬ አለኝ። እኔ ወሬ ኖሮኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።

የወጣቶች ክበቡን ታስታውሺዋለሽ፤ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለችው፣ ድሮ የመድኃኒት ካርቶን ይከማችባት የነበረችው ክፍል። ጠዋት ቁልፍ ስተክል አረፍድና ከሰዓት በኋላ ወደዚያ እሄዳለሁ። የሚመሩን ጡረታ የወጡት ሲስተር ናቸው። በቀደም ሰበሰቡንና የጤና ረዳት ማሠልጠኛው ከየክበቡ አንድ ወጣት በነፃ ሊወስድ ነው አሉን። ትምህርት ብዙ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ማህደር ነው። ፖርትፎሊዮ ይሉታል። ምን ፕሮጀክት እንደሠራሽ፣ ማንን እንደመራሽ፣ ሰፈርሽን በምን እንዳገለገልሽ አንድ በአንድ ጽፈሽ ታቀርቢያለሽ። ሲስተር ይህን ተናግረው ዓይናቸውን በሁላችን ላይ አዞሩና እኔ ላይ አቆሙት። «አንቺ ታዘጋጂያለሽ» አሉኝ።

ሬዲዮ የምንላት ልጅ አለች፤ ከተከፈተች አትዘጋም። «ሲስተር፣ እርስዎ ይሙቱ፣ እኔ ይቺን ልጅ ስታስነጥስ እንኳ ሰምቻት አላውቅም! ማንን ነው የምትመራው? ጥላዋን?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅኩ፤ እውነቷን ነዋ። ግን እትዬ፣ ቦታውን ፈለግኩት። ልንገርሽ፣ እንዲህ አጥብቄ የፈለግኩት ነገር ያለ አይመስለኝም። የሰው ክንድ ይዞ የደም ግፊት መለኪያውን ማሰር፣ ዝም ብሎ ማዳመጥ፣ ቁጥሩን መጻፍ፤ እሱን ሥራ እችለዋለሁ።

ፕሮጀክቱንና አገልግሎቱን መጻፍ አላስቸገረኝም። እንዲያውም ሬዲዮ ራሷ ባማረ እጅ ጽሑፏ ገለበጠችልኝ፤ አፏ ነው እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። ሥራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ መጥተው ደም ግፊታቸውን እንዲለኩ ማድረግ ነው። ክበቡ ይህን ሲጀምር አንድም ሰው አልመጣም ነበር። የክበቡ ልጆች በር እያንኳኩ «እንደግፍዎት፣ እንውሰድዎት» ሲሉ፣ ሾፌሩ አባባ «እኔ ከባድ መኪና ይዤ ሀገር ያዳረስኩ ሰው፣ ዛሬ በእናንተ ልነዳ?» ብለው ውሻ ለቀቁባቸው። ውሻው ጥርስ የለውም፤ እነሱ ግን እግሬ አውጪኝ አሉ።

የእኔ ተራ ሲደርስ በራቸው ላይ ቆምኩ። ልጆቹ ያሉትን ማለት አቃተኝ። በመጨረሻ ከአፌ የወጣው «አባባ፣ ጤና ጣቢያ ተልኬ ነበር፤ ጎረምሶቹ በሚቆሙበት በኩል ብቻዬን ማለፍ ፈራሁ» የሚል ነው። ውሸት አልነበረም። ሾፌሩ አባባ ኮታቸውን ደረቡና «ቅደሚ፣ ከኋላሽ ነኝ። ማን ወንድ ቀና ብሎ እንደሚያይሽ አያለሁ!» አሉ። ስንደርስ ሲስተር «እዚህ ድረስ ከመጡማ ክንድዎን ይስጡኝ» አሏቸው። ግፊታቸው ከመጨመሩ የተነሣ እንዴት ቆመው እንደሄዱ ሲስተርንም ገርሟቸዋል። ከዚያ ወዲህ በየበሩ እንዲሁ አልኩ። አሁን ስንሄድ ሰልፍ ነን፤ እኔ መሃል፣ እነሱ በዙሪያዬ፣ ሁሉም እኔን ሊያደርሱ።

ማንን መራሽ የሚለው ገጽ ግን ባዶውን ቀረ። ምን ብዬ ልሙላው? ሲስተርን ስጠይቃቸው «የራስሽን አንቺው» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ካወለቁ ነገር አለቀ ማለት ነው።

ከማሠልጠኛው የተላኩት ሴትዮ የመጡት በልኬት ቀን ነው። ማህደሬን እያገላበጡ ባዶው ገጽ ላይ ሲደርሱ «የመራሽው ሰው የለም?» አሉኝ። አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሾፌሩ አባባ ጣልቃ ገቡ። «እሷ? እሷማ ማንን ትመራለች! እኛ ነን እንጂ የምንመራት። ልጅቷ ፈሪ ናት፤ እኔ ባላደርሳት ይህን ግቢ በዓይኗ አታየውም» አሉ። ሹራብ የሚሠሩት እማማ ደግሞ መርፌያቸውን አስቀምጠው «እርስዎ ብቻ? ቦዩን ስትሻገር እጇን የምይዘው እኔ አይደለሁ?» ብለው ተቆጡ። ሌሎቹም ተነሡ። እኔን ማን እንደሚያደርስ ክርክር ሆነ። ሬዲዮ በመስኮት በኩል ሆና ራሷን ይዛለች።

እትዬ፣ «እኔ ነኝ የማመጣቸው» ብል ገጹ ይሞላ ነበር። ሁለቴ አፌን ከፈትኩ። ግን ሾፌሩ አባባ ደረታቸውን ነፍተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ቆመዋል። ያን ቃል ከሰሙ በሚቀጥለው ሳምንት ከቤታቸው አይወጡም። «እውነታቸውን ነው፤ እነሱ ናቸው የሚያደርሱኝ» አልኩ። ማሠልጠኛው ከእጄ ሲወጣ ታየኝ።

ሴትዮዋ ወደ ሾፌሩ አባባ ዞሩ። ከዚያ «አባባ፣ ይቺ ልጅ ሳትመጣብዎ በፊት እዚህ ይመጡ ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። «ኧረ ምን ቆርጦኝ! እኔ ምን አለኝ? ልጅቷን ለማድረስ ነው የመጣሁት» አሉ ሾፌሩ አባባ። እማማም «እኔም እንደዚያው፤ ያለዚያማ ሥራ ፈት ነኝ እንዴ?» አሉ። ሴትዮዋ አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ የሞላውን አግዳሚ። ባዶው ገጽ ላይ ራሳቸው ጻፉና ማህደሩን ዘጉት። ሲወጡ ጠጋ ብለው በቀስታ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ።

ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። አባዬን አግብተሽ የመጣሽ ሰሞን ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ የበሩን መቃን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። አባዬ ጮኸ። አንቺ ሻሽሽን አስረሽ «እኔ ለሰፈሩ እንግዳ ነኝ፤ ገበያው በትምህርት ቤቱ በኩል ነው አሉኝ፤ በናትሽ አድርሺኝ» አልሽኝ። እንዳትጠፊብኝ እጅሽን ጭምቅ አድርጌ ወሰድኩሽ። በማግስቱም መንገዱ ጠፋሽ፤ በሳምንቱም። እኔ ደግሞ ይቺ ሴትዮ ያለ እኔ ምን ይውጣት ነበር እል ነበር። ይህን ለሹራብ ሠሪዋ እማማ ሳጫውታቸው ሳቅ ሊገድላቸው። «እሷ? ከማግባቷ በፊት እዚያው ገበያ ሽንኩርት ትሸጥ አልነበር እንዴ! ሚዛኗን የማያውቅ አለ?» አሉኝ።

ትምህርቱን ብዙ ባልገፋበትም፣ ይህን የምጽፍበት ፊደል የመጣው በዚያ መንገድ ነው። ምስጋና እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም እትዬ። ስላደረስኩሽ ደስ ብሎኛል።

እና ማሠልጠኛው ተቀበለኝ! ሬዲዮ ለሰፈሩ ሁሉ ስለነገረች ከእኔ በፊት ሾፌሩ አባባ ሰምተው «በሉ እንግዲህ፣ እዚያ ማን ሊያደርሳት ነው?» ብለው ተጨነቁ። ልኬቱን ሬዲዮ ተረክባለች፤ ጨለማ እፈራለሁ ብላቸዋለች፤ በጠራራ ፀሐይ።

ማሠልጠኛው አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው። አውቶቡሱ ቀጥታ ነው፤ መንገዱንም በሚገባ አውቀዋለሁ። ለአባዬ ግን ብቻዬን መሄድ እንደምፈራ ነገርኩት። መጀመሪያ «ጎሚስታ ቤቴን ማን ሊከፍትልኝ?» አለ። ከዚያ «መናኸሪያ ድረስ ብቻ» አለ። ትናንት ደግሞ ግራጫ ሸሚዙን ሲተኩስ አገኘሁት። «ለመንገድ ነው፤ አቧራ አለ» አለኝ። ለአቧራ ሸሚዝ ሲተኮስ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት እንደርሳለን። እሱ ከበሩ እመለሳለሁ ይላል። አደራሽን፣ እንዴት መጣህ ብለሽ አትጠይቂው። ልጅቷን ሊያደርስ ነው የመጣው።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለእናትሽም ዕድሜ ይስጥልኝ። በሰላም ያገናኘን።

ፈሪዋ ልጅሽ