ቁልፉን የሚያዞር ሰው

ልጄ፣ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የጠበቀ ብሎን አሁንም ብቻዬን እፈታለሁ፣ ይህንንም በገዛ እጄ ጻፍኩት። ባለሽበት ጤና ይስጥሽ፣ ሰው ፊት ሞገስ ይሁንሽ።

እናትሽ ካለፈች ወዲህ የጭነት መኪናዬን ሞተር አውርጄ ቤት ውስጥ አስገብቼ ፈታታሁት። ፒስተኖቹን በየተራቸው እሷ በምትተኛበት በኩል አልጋው ላይ ደረደርኳቸው፤ ቦታው ባዶ ነው። ጎረቤታችን በያጁ አይቶ፣ «አባባ፣ ይሄን ለቁራሌው ይስጡትና ይረፉ» አለኝ። «አንተን ይውሰድህ» አልኩት። ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ሞተሩን ገጥሜ መኪናው ላይ መልሼዋለሁ፤ ግን አላስነሳሁትም። እንደምታውቂው ሞተር ባደስኩ ቁጥር እናትሽ ጋቢና ገብታ ቁልፉን ታዞራለች፣ እኔ ኮፈኑ ስር ሆኜ አዳምጣለሁ። «ሞተሩ ተነፈሰልህ ወይ?» ትለኝ ነበር። በያጁ «እኔ ላዙርልዎት» ቢለኝ እምቢ አልኩት። መኪናው ካልተነሳ ሥራ እንደሌለኝ አውቃለሁ። አላለቀስኩም፣ እንቅልፍም እተኛለሁ፤ እጄ ብቻ ወደ ቁልፉ አይሄድም።

እረፍት ሲሰጡሽ መጥተሽ ብታዞሪልኝ ደስ ይለኛል። ፈጣሪ በሰላም ያገናኘን። ሌላውን ዕዳዬን አታስቢ፤ ከበያጁ የተዋስኩትን ክሪክ እመልሳለሁ፣ ዘይት ያስነካሁትን የእናትሽን አንሶላ አጥባለሁ፣ ለቅሶ የደረሱንንም በየቤታቸው ሄጄ አመሰግናለሁ።

አባትሽ