ከቀዩ ክር በታች

ውድ ጥድፊያ፣

እናታችን ባወጣችልሽ ስም የጠራሁሽ ላባብልሽ ፈልጌ አይደለም፤ በሌላ ስም እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ነው። ሜካኒክሽ የውድድሩ ሜዳ በር ድረስ መጥቶ፣ «ስልኩን ዘግታብሃለች። ካንተ ወሬ እንዳላመጣም አስጠንቅቃኛለች። ወረቀት ከሆነ ግን አልተከለከልኩም» አለኝ። ስለዚህ ከውድድሩ ሜዳ አጥር ውጭ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩልሽ ነው። የቤታችንን ሕግ አትረሺውም። ስንኳረፍ ወረቀት የተሰጠው ሰው እስከ መጨረሻው ሳያነብ እራት አይቀርብለትም ነበር። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ነገ ጠዋት እኔ በሰፋሁልሽ የመኪና ወንበር ላይ እንዳትቀመጪ። ቀፎው፣ ከልብሱና ከስፖንጁ ስር ያለው ጠንካራው አካሉ፣ ተሰንጥቋል።

«ጀመረህ ደግሞ!» እንደምትዪ አውቃለሁ። ትናንትም እንደዚያው ብለሽ ነው ጆሮዬ ላይ የዘጋሽው። አልፈርድብሽም። አምና ከውድድሩ በፊት መኪና ለሚያዩት ፈታሾች «ወንበሯ የታሰረበት ብረት ተሰንጥቋል» ብዬ የተናገርኩት ውሸት ነበር። እነሱ መኪናሽን ፈትተው ሲያገላብጡ ሰዓቱ አለፈ፤ አንቺም ዳር ቆመሽ ሌሎቹ ሲነዱ አየሽ። ብረቱ ምንም እንዳልሆነ ሲነግሩሽ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ለጥንቃቄ ነው» አልኩሽ። ለጥንቃቄ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው። ካቻምና መኪናሽ ሲገለበጥ በዓይኔ ካየሁ ወዲህ ሞተር ሲነሳ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬን እይዛለሁ። ተዪው ብሎ መለመን አቃተኝና መዋሸት ቀለለኝ። ስምንት ወር ሆድና ጀርባ የሆንነው በእኔ ጥፋት ነው።

ባለፈው ወር ሱቄ መጥተሽ «አንተው ሥራልኝ፤ ወንበር የሚያውቅልኝ ሌላ ሰው የለም» ስትዪኝ የደስታዬ ነገር ምኑ ቅጡ! አዲስ እናዝዝ ስትዪ «አይደርስልሽም፣ ያገለገለ እኔ እመርጥልሻለሁ» አልኩ። የመረጥኩት ግን እንደ ወንበር ሰፊ ነው። ስፌቱን ጎተትኩ፣ ስፖንጁን ጨበጥኩ፣ ጎንና ጎኑ ትከሻሽን እንደሚያቅፍ ገመትኩ። ሻጩ «ግጭት የሚባል አያውቅም» ብሎ ማለ፤ አመንኩት። ከሁሉ በፊት ቀፎው መታየት እንዳለበት፣ ጀርባው ላይ የተሰፋው ምልክት ቁጥሩና የአገልግሎት ዘመኑ መነበብ እንዳለበት ስንት ጊዜ ነግረሽኝ ነበር። እኔ ያንን ምልክት ምን አደረግኩት መሰለሽ? ቆርጬ ጣልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአሮጌ ወንበር ላይ ምልክት ስቆርጥ ነው የኖርኩት፤ አዲሱን ስፌት ያበላሽብኛላ! እጄ እንደለመደው ቆረጠው። አንቺ ስትጠይቂኝም «ከልብሱ ስር ገብቷል» አልኩሽ። ዛሬ ከቁርጥራጭ ጆንያው ውስጥ በርብሬ አግኝቼዋለሁ። ከዚህ ወረቀት ጋር በስፒል አያይዤዋለሁ፤ አንብቢው። ዘመኑ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል።

ስንጥቁን ያየሁት አሮጌውን ልብስ ገፍፌ ስፖንጁን ሳነሳ ነው። የግራ ትከሻሽ ቀበቶ ከሚያልፍበት ቀዳዳ ተነስቶ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ይወርዳል። በአውራ ጣቴ ብጫነው ቀጭ አለ። ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። ግን ምን ልበልሽ? «ወንበሩ ተሰንጥቋል»? ያቺኑ የአምናዋን ቃል? ዳግመኛ ዓይንሽን የማላይ መሰለኝ። ስለዚህ ማጣበቂያ ሞላሁበት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ስፖንጅ ደረብኩበት። ከዚያ በጥቁሩ ልብስ ላይ በቀይ ክር፣ በዕድሜዬ ከሰፋሁት ሁሉ የሚያምረውን ስፌት ሰፋሁበት።

ማክሰኞ መጥተሽ ተቀመጥሽበት። ቀበቶውን አጥብቀሽ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዝሽ። «ወንድም ጋሼ» አልሽኝ፤ ከልጅነታችን ወዲህ እንዲያ ጠርተሽኝ አታውቂም። «ዘንድሮ ገና ነው ከልብህ ንጂ ያልከኝ።» በቀፎው ላይ ያለውን እያወቅኩ፣ ያ ፊትሽ እንዳይጠቁርብኝ ብዬ ዝም አልኩ። እንደዚህ ያለ ወንድም ነው ያለሽ።

የተሰነጠቀ ቀፎ በሰላሙ ቀን ምንም አይልም፤ ስትፈትኚውም ምንም አላለሽም። ስትጋጪ ግን ቀበቶው ባለ በሌለ ኃይሉ ይጎትተዋል፤ ያኔ ይቀደዳል፤ አንቺን የሚይዝሽ ነገር የለም።

ዛሬ ከሰዓት ፈታሾቹ ዘንድ ሄጄ ነበር። አለቃቸው ገና ሲያየኝ ሳቀ።

«እህ፣ ዘንድሮ ደግሞ ምኗ ተሰነጠቀ?»

«ወንበሯ። የሸፈንኩትም እኔው ነኝ» አልኩት።

ጓደኞቹን ጠርቶ አሳቀብኝ። «ቀበቶውን ጎትተን አይተነዋል፣ አልፏል። እህትህን ተዋት በቃ» አለና ሁለተኛ በበሩ እንዳላልፍ ለጠባቂው ነገረው። እግሩ ላይ ብወድቅም ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

እንግዲህ የሚያምነኝ ሰው አልቋል። አንቺም አትመኚኝ። ምላጭ ብቻ ያዢ። ከግራው ቀዳዳ ስር ያለውን ቀይ ክር ቅደጂው፣ ስፖንጁን ገልብጪው። ግራጫ ማጣበቂያ ታያለሽ። በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። ሥራው ያሳዝናል ብለሽ እንዳትራሪለት፣ ቡጭቅጭቁን አውጪው።

እስከ ነገ ሌላ ወንበር እንደማይገኝ አውቃለሁ። በእኔ የተነሳ ሁለተኛ ውድድር አመለጠሽ ማለት ነው። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ አጥሩ ድረስ መጥተሽ ፊቴን እንድታዪም አልልሽም። ስንጥቁን እንዳየሽው እንዳውቅ የቀደድሽውን ጨርቅ ብቻ በሜካኒክሽ ላኪልኝ። እሱ እጄ እስኪገባ ከዚህ አልነሳም።

ጠዋት ሳይደርሰኝ መኪናሽ ወደ መነሻው መስመር ሲወጣ ካየሁ ግን ጠባቂም አጥርም አይመልሰኝም። ገና ፍጥነት ሳትይዢ መንገዱ መሐል ከፊትሽ ቆሜ ታገኚኛለሽ። ለራስሽ ብለሽ ባትቆሚ ለእኔ ብለሽ ፍሬን እንደምትይዢ አውቃለሁ።

ወንድምሽ