መመለሻ የሌለው ቲኬት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20። ማታ 1 ሰዓት

ልብስ እያጠፍኩ ነው። ካልሲ ከካልሲ አይገጥምም። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ድምፅ አለ፤ ሶሊ ቲቪውን ይዛለች፣ ታደሰ ስልኩን። አባትም ልጅም ድምፅ መቀነስ አያውቁም። የታደሰ ስልክ ስለ አገር ቤቱ ጦርነት ያወራል። የትኛው መንገድ ተዘጋ፣ የትኛው ከተማ በማን እጅ ገባ። ትናንት እውነት የተባለው ዛሬ ውሸት ነው። እናቱ እማማ ጥሩወርቅ እዚያው ናቸው፣ ብቻቸውን። ስልካቸው መሥራት ካቆመ ስድስት ቀኑ።

ቲቪው ላይ ሁለት ልጃገረዶች፣ የሃይስኩል ተማሪዎች። አንዷ ከበሮ መቺ፣ አንዷ ዋናተኛ። ሶሊ ይሄን ሾው ከጀመረች ሳምንቷ ነው። ጓደኛሞች መስለውኝ ነበር። ዛሬ ዋናተኛዋ የዚያችኛዋን እጅ ያዘች። አያያዟን ሳይ የማጥፈውን ረሳሁት።

ታደሰም ቀና አለ። ምንድን ነው ይሄ ብሎ ጠየቃት። ወደ ሌላ ቀየረችው። አንድ ሰውዬ ሽንኩርት ይከትፋል። ሦስታችንም የሰውዬውን ሽንኩርት ዐሥር ደቂቃ አየን። ሽንኩርት እንዲህ ተፈርቶ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22። ከቀኑ 10 ሰዓት

ከሥራ፣ ከዌርሃውስ ገባሁ። ቤት ማንም የለም። ታደሰ ትራኩን ይዞ ኢንዲያና ነው፣ ሶሊ ት/ቤት ልምምድ አላት። መጋረጃውን ዘግቼ ቲቪውን ከፈትኩ። መጋረጃው ለምን እንዳስፈለገኝ፣ ደብተሬ፣ አንተው ንገረኝ።

ሶሊ ካቆመችበት ቀጠለልኝ። እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ ግማሹ አመለጠኝ። ግን ገባኝ። የከበሮ መቺዋ እናት ነርስ ናት፣ ሁልጊዜ ደክሟታል። ልጅቷ ልትነግራት ሦስት ጊዜ አፏን ትከፍታለች፤ ሦስት ጊዜም እናትየው እራት በላሽ ወይ ትላታለች። ተናደድኩ። ቀና ብለሽ እያት እንጂ፣ አልኳት ጮክ ብዬ። ለቲቪ!

ከዚያ ደነገጥኩ። አጠፋሁት። መጋረጃውን መልሼ ገለጥኩ።

ሁለተኛ አላይም። ኃጢአት ነው ብዬ ብቻ አይደለም፤ እሱም አለ። ፈርቼ ነው። የሶሊ ፊት ትዝ እያለኝ። ያንን ሾው ስታይ እንደምታይ ሰው አይደለችም፤ ስሟ ሲጠራ እንደምትሰማ ሰው ናት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25። ከሰዓት

ጋሼ መርሻ ኢስትሙር ከሚባለው ሰፈራቸው መጡ። ታደሰ ከስደተኛ ካምፕ እዚህ አሜሪካ ሲገባ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። መንዳት ያስተማሩት፣ ሥራ ያስገቡት፣ የሰርጋችንም አባት። ቃላቸው እዚህ ቤት ሕግ ነው።

ስለ ጦርነቱ ጀመሩ። እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብለው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። ሰው ድምፁን ሲቀንስ ጆሮ ይከፈታል። ከኩሽና ሆኜ ሰማሁ። ታደሰ ስለ ሾው ነገራቸው። ስልኳ ላይም አይቻለሁ አለ፤ ለአንዲት የክፍሏ ልጅ የጻፈችው፣ ልብ ያለበት። መቼ ነው የልጅቷን ስልክ የከፈተው? ለእኔ ለምን አልነገረኝም?

የጋሼ መርሻ ወንበር ወደ እሱ ሲጠጋ ሰማሁ። ከዚያ፦ "ዛፍ የሚቃናው በለጋነቱ ነው። አገር ቤት ውሰዳት። ጠበል ትጠመቅ፣ አያቷ ጋ ትክረም።"

ታደሰ "ጦርነቱስ?" ይላቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። እናቴንም ማውጣት አለብኝ፣ በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ነው፣ አለ።

በየትኛው መንገድ? ጠዋት ስልኩ ተዘጋ ባለው?

ሶሊ ፎቅ ላይ ትስቃለች፣ በስልክ። ሻዩን ሳቀርብ ስኳሩን ስለረሳሁ ጋሼ መርሻ ደክሞሻል፣ ኦቨርታይም ቀንሺ አሉኝ። እሺ ጋሼ አልኩ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26። ከቤ/ክ መልስ

እማማ ደወሉ፣ ወደ እኔ ስልክ። የደወሉት በሰው ስልክ ነው፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥተው። በሰባ ዓመታቸው።

"ሂሩት፣ ታዴ ልጅቱን ይዤ እመጣለሁ ብሎ በሰው አስነገረኝ። እውነት ነው?"

አላውቅም እማማ፣ አልኩ። ማወቅስ አውቃለሁ።

"እንዳታመጡብኝ! ሰማሽ? የጎረቤቴን ልጅ ከመኪና አውርደው ወሰዷት። እነማን እንደሆኑ የሚናገር የለም፤ ያም በዚህ ያሳብባል፣ ይሄም በዚያ። ገበያ መውጣት ትተናል። ከላይ ያ ነገር ማጉረምረም ሲጀምር ዶሮዎቹ እንኳ አልጋ ሥር ነው የሚገቡት።"

ያ ነገር የሚሉት ድሮኑን ነው። ከዚያ ስለ ሶሊ ጠየቁኝ። በቁመት ደረሰችሽ ወይ? ምን ትወዳለች? ልመልስ ስል ተቆረጠ። ምን እላቸው እንደነበረ አላውቅም።

ለታደሰ ነገርኩት። እናቴ ድሮም ፈሪ ናት አለ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃ ከፈተ። ሲያለቅስ ውሃ ይከፍታል፤ ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ይሄን አውቃለሁ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30። ከቀኑ 11 ሰዓት

ሶሊን ከት/ቤት አነሳኋት። ብሮድ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

"ማም፣ ሾውን አይተሻል?"

የቱን አልኩ።

"አካውንቱ ያሳያል እኮ። ኤፒሶድ ሰባትን አይተሻል።"

ተያዝኩ። ጥቂት፣ አልኩ።

"እና?"

"እናትየዋ አናደደችኝ።"

ሳቀች፤ ከልቧ። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ከዚያ ሳቋ ቆመ። መሪውን በያዘው እጄ ላይ አፈጠጠች። "ማም... ኢትስ ኖት ጀስት ዘ ሾው።" ነገሩ ሾው ብቻ አይደለም ማለቷ ነው።

መብራቱ ተለወጠ። ከኋላ ክላክስ ነፉብኝ። ምን ብላት ጥሩ ነው? ቀበቶሽን እሰሪ። ታስሯል፤ ከጅምሩ ታስሯል።

ቤት እስክንደርስ መስኮቱን ስታይ መጣች። ደብተሬ፣ አትፍረድብኝ። ወይም ፍረድብኝ፣ የሚፈርድብኝ ይኑር።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2። ጠዋት 4 ሰዓት

ታደሰ ጃኬቱን እጠቢልኝ አለኝ። ኪሱን ፈተሽኩ፤ የታጠፈ ወረቀት። የአየር ቲኬት። ሁለት ስም። ጉዞው ት/ቤት በተዘጋ በሦስተኛው ቀን። የእሱ መመለሻ ከአምስት ሳምንት በኋላ። የሶልያና ታደሰ መመለሻ የለም። ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ።

በረንዳ ላይ ነበር።

"የእሷ መመለሻ የታለ?"

"ይቆረጣል።"

"መቼ?"

"ስትድን።"

"ከምን?"

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

"ታደሰ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስልክህ ላይ የምታየው የማን አገር ነው? እናትህ አታምጧት እያሉ!"

ተነሳ። ፊቱ ጠቆረ። "እንደዚህ ሆና እዚህ ከምትኖር፣ እዚያ ብትሞት እንኳ—" አለና አቆመ።

አልጨረሰውም። ግን ቀሪውን ሰማሁት። እሱም ሰማው፤ ከገዛ አፉ ሊወጣ የነበረውን። ቀስ ብሎ ቁጭ አለ፣ ደረጃው ላይ፣ እንደ ሽማግሌ። አጠገቡ አልተቀመጥኩም።

ሰኞ፣ ግንቦት 4። በምሳ ብሬክ

ዌርሃውስ ነኝ። የሶሊ ፓስፖርት ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው። ከመሳቢያው ወስጄ ወጣሁ። ጎንበስ ቀና ስል ጠርዙ ይወጋኛል። ይውጋኝ።

ሰኞ፣ በዚያው ቀን። ማታ 12 ሰዓት ተኩል

ነገርኳት። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብለን። አባትሽ ሊወስድሽ ቲኬት ቆርጧል፣ አትሄጂም። ፓስፖርቱን እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ያንቺ ነው፣ ለማንም አትስጪ፣ ለእኔም ቢሆን።

ቢጠላኝስ? አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። መጀመሪያ እኔን ይጠላ አልኳት።

ከዚያ በአማርኛ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፦ "አንቺስ?"

እውነቱን ነገርኳት። አልገባኝም ሶሊ። እጸልያለሁ፣ ምን ብዬ እንደምጸልይ ግን አላውቅም። አንቺን መጥላት ግን አልችልበትም፣ ተምሬው አላውቅም። መኪና ውስጥ ያልኩሽን ይቅር በይኝ።

ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረገች። ከበደኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እንዴት እንደከበደች።

ለታደሰም ነገርኩት። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ጋሼ መርሻ ሁለቴ ኮል አደረጉልኝ። አላነሳሁም። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23። ቀን 7 ሰዓት

ሄደ፣ ብቻውን። እናቴን ሳላወጣ አልመለስም ብሎ። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ከሶሊ ጋር አልተነጋገረም። ዛሬ ሻንጣውን እስከ መኪናው ይዛለት ወጣች። የመኪናው በር ላይ ቆሞ አያት፣ ሊስማት ጎንበስ አለ፣ ኮሌታዋን አስተካክሎ ቀና አለ። ኮሌታዋ ምንም አልሆነም ነበር።

አትሂድ አላልኩትም። እናቱ ናቸው። እንዴት እላለሁ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ከአዲስ አበባ ደወለ። ነገ በአውቶቡስ እነሳለሁ አለ፤ መንገዱ ተከፍቷል ተብሏል። ማን አለ? ሰዎች። የትኞቹ ሰዎች? ሂሩት፣ አታስጨንቂኝ።

አሁን የስልኬን ድምፅ ከፍ አድርጌ የማዳምጠው እኔ ሆኛለሁ። ሥራ ላይም በአንድ ጆሮዬ። ሱፐርቫይዘሩ አየኝ፣ ምንም አላለኝም።

እሑድ፣ ሰኔ 1

የታደሰ ስልክ አይጠራም። ሦስተኛ ቀን። ያን መንገድ ዛሬ ሁለት ቻናል ተከፍቷል አሉ፣ አንዱ ውጊያ አለበት አለ።

ሶሊ ምግብ አትበላም። አብሬው ብሄድ ኖሮ ይጠነቀቅ ነበር አለችኝ። ጮኽኩባት። ከዚያ አቀፍኳት። ከዚያ እንደገና ጮኽኩባት።

ሰኞ፣ ሰኔ 2። ጠዋት 12 ሰዓት

እማማ ደወሉ። ከአዲስ አበባ!

በእግር ሁለት ቀን፣ ከዚያ እህል በጫነ መኪና፣ በሌላኛው መንገድ ወጥተዋል። የእህታቸው ልጅ ቤት ናቸው። እግራቸው አብጧል እንጂ ደህና ናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ አለቀስኩ።

"ታዴን ስጪኝ እስቲ" አሉ።

አልነገሯቸውም። ማንም አልነገራቸውም። እሳቸው ሲወጡ እሱ ሊያወጣቸው እየገባ ነው። በአንዱ መንገድ እናት፣ በሌላው ልጅ።

ሥራ ነው እማማ፣ አልኩ። ይኸው ዋሸሁ። ከሥራ ቀረሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5። ቀን 9 ሰዓት

አለ። አለ። አለ።

ደወለ። አንዲት የገጠር ከተማ ውስጥ፣ ከሆነ ሰው ሱቅ። ድምፁን አላወቅኩትም ነበር። ታጣቂዎች አውቶቡሱን አስቁመው ወጣት ወጣቱን አወረዱ። እሱን ሽማግሌ ብለው ተዉት። በእግር ነው የተመለሰው።

"ከጎኔ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ነበር" አለኝ። "ሶሊን ታክላለች። ለፈተና ነው የምሄደው ብላኝ ነበር። ውረጂ ሲሏት ኮቴን ጨምድዳ ያዘች።"

"እና?"

"አስለቀቋት።"

ከዚያ፦ "ሂሩት፣ ያቺ ወንበር የሶሊ ነበረች።"

እናቱ መውጣታቸውን ነገርኩት። የሳቀ ይሁን ያለቀሰ አልለየሁም። ሶሊን አገናኚኝ አለኝ። ስልኩን ይዛ በረንዳ ወጣች። ኦኬ አባዬ፣ ኦኬ፣ ስትል በመስታወቱ አየኋት። ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል።

ምን አለሽ?

እንኳን ከእኔ ጋር አልመጣሽ፣ አላት። ይቅር በይኝ አላት። ከዚያ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ስመለስ ጋሼ መርሻ የሚያውቋቸው አንድ መነኩሴ አሉ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ጥቂት ሳምንት እሳቸው ጋ ትቀመጫለሽ አላት።

ይቅርታ የጠየቀበት ነገር የቱ ነበር?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7። ጠዋት

አዲስ አበባ ገብቷል፣ ከእናቱ ጋር ነው። ረቡዕ እዚህ ይደርሳል። ጋሼ መርሻ ኮል አደረጉ፤ አነሳሁ። መነኩሴው ፈቃደኛ ናቸው አሉኝ። አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ልጄ የትም አትሄድም አልኩ። ስልኩን የዘጉት እሳቸው ናቸው።

ሶሊ ተኝታለች። ደብተሬ፣ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝምና ለአንተ ልንገርህ፣ ወስኛለሁ። በሩን እኔው እከፍትለታለሁ። ባሌ ነው፣ ከሞት አፍ ወጥቶ ነው የሚመጣው። እግሩን አጥብለታለሁ፣ እንጀራ አቀርብለታለሁ፣ ያቺን ልጅ እያሰበ ሲባንን አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ እዚያው ደፉ ላይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እነግረዋለሁ፦ ሶሊ እንዳለች፣ እንደሆነችው ሆና፣ እዚህ ቤት ነው የምትኖረው። ይሄን የሚችል ይግባ።

ካልቻለ፣ ሻንጣው ገና አልተፈታም።