አባባ ጀርባዬ ያሉት ኮረብታ

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል ወንድምዓለም? ሳሉ ለቀቀህ ወይ? የክፍልህ መስኮት ተሠራልህ ወይስ አሁንም በጋዜጣ ነው የምትወትፈው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ስለ ኮረብታችን ጽፈህ መጽሔት ላይ ያወጣኸው ደርሶናል። አባባ ዓይናቸው ስለደከመ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ስፌቴን ትቼ አንባቢ ሆኜልሃለሁ። «ከቤታችን ኋላ ያለው ኮረብታ የአባቴ ጀርባ ነው፤ ተደግፈነው አደግን፣ ሲጎብጥ አላየነውም» የምትለዋ ላይ ስደርስ «እስቲ ድገሚያት» ይላሉ። ጎረቤታችን አናጢው እንኳ ባገኛቸው ቁጥር «እንደምን ዋሉ፣ ኮረብታው?» እያለ ይቀልድባቸዋል፤ እሳቸውም ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ።

እኔን የያዘችኝ ግን ሌላዋ ናት። «ዛፎቹ ወሬያችንን ለመስማት ወደ ቤታችን ዘመም ብለዋል» ብለሃል። መጀመሪያ ሳነባት ሳቄ መጣ፤ እማዬ ስትቆጣ እንደሆነ ማዶ ድረስ ይሰማል፣ ምን መዝመም ያስፈልጋል? አሁን ግን ስወጣ ስገባ ዓይኔ ከዛፎቹ ላይ አልነቀል አለ። ዘመሙ አይባልም፣ ሊተኙ ምንም አልቀራቸውም። የጓሮው አጥር ሆዱን ገፍቶ ወደ እኛ መጥቷል። የምንጩ ውሃ ዝናብ ሳይጥል አፈር አፈር ይላል። የጓዳው በር አልዘጋ ብሎ አናጢው ላገው፤ ብዙም ሳይቆይ እንደገና አልዘጋ አለ። እማዬ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቆየችና «በሩ ምን አደረገ፣ የሚሄደው ቤቱ ነው እንጂ» አለች። 

አክስታችን ክረምቱ እስኪያልፍ ታች ሰፈር እኔ ዘንድ ኑ ብላናለች። አባባ ግን ወይ ፍንክች! «ልጄ ኮረብታው አባቴ ነው ብሎ ለአገር ሲያስነብብ እኔ ከኮረብታው ልሽሽ? ሰው ከገዛ ጀርባው ወዴት ይሸሻል?» ይላሉ። እማዬ እሳቸውን ጥላ አትወጣም፤ እኔም እነሱን ጥዬ አልወጣም።

ዘይቤ ነው፣ ናፍቆቱን ነው የጻፈው ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ታዲያ ውሸቱን ነው?» አሉኝ። ውሸትህን እንዳልሆነማ አውቃለሁ። የናፈቅከው አባባን ነው፣ የሳልከው ኮረብታውን፤ እሳቸው አሁን ሁለቱን መለየት አቃታቸው። ዛፎቹንስ? ዘመም ማለታቸውን ያኔ አይተህ ነው ወይስ ጽሑፉ እንዲያምር ብለህ? አይተህ ከሆነ ኮረብታው መንሸራተት የጀመረው ዛሬ አይደለም ማለት ነው።

ፈርቻለሁ። ዝናቡ ደጅ ደርሷል። እባክህ ለአባባ ራስህ ጻፍላቸው፤ ከእኔ አፍ አይሰሙም። ያማረ ነገር አትፈልግ፤ ኮረብታም፣ ጀርባም፣ ዛፍም አታንሳ። «አባባ፣ ውጡ» ብቻ በል። ድገሚያት ባይሉኝም እየደጋገምኩ አነብላቸዋለሁ።

አባባ «ኮረብታው እንዳለ ነው በይልኝ» ብለዋል። እማዬ አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች፤ ልብሷን ቋጥራ ማስቀመጧን ለአባባ እንዳትነግርባት። ልጄም አጎቴን ሳሚልኝ ትላለች፤ የጓዳው ግድግዳ ያወራል ብላ ስለፈራች አሁን የምትተኛው ከእኔ ጋር ነው። አናጢውም ሰላም ብሎሃል፤ እሱ አባባን «ኮረብታው» ብሎ መጥራቱን ትቷል።

እህትህ
ከኮረብታው ሥር፣ ሰኔ ፫ ቀን